ጅቡ ሳይሄድ ውሻውን መፍታት

የእማዬ ግራ ተረከዝ ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ መጀመሪያ ያየሁት ቅዳሜ ማታ እግሯን ሳጥባት ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሷ ከደብረ ማርቆስ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት እግሯን ለብ ባለ ውሃ እዘፈዝፍላታለሁ። ነጥቡ የምስር ፍሬ ያህላል። ዳር ዳሩ ወጣ ገባ ነው። በአንድ በኩል ጠቁሯል፣ በሌላ በኩል ቡኒ ነው።

"ይኼ ደግሞ ምንድነው?" አልኳት።

"ማርያም የሳመችኝ ነዋ።"

እኔም አመንኳት። ማርያም የሳመችው ምልክት ግን አብሮ ይወለዳል። ይኼ በስድሳ አራት ዓመቷ የወጣ ነበር። ያን ማታ ይኼን አንዲት ነገር አስቤ ቢሆን ኖሮ ብዙ ወራት አናጣም ነበር። ይኼን የምጽፈው እናንተ እንዳታጡ ብዬ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ነጥቡ አበጠና ካልሲዋን ደም ይነካው ጀመር። የወሰድኳት ክሊኒክ "ኪንታሮት ነው" አለን። በቅዝቃዜ እያቃጠሉ አራት ጊዜ አመላለሱን። ናሙና አልወሰዱም። እኔም ውሰዱ አላልኩም። በመጨረሻ ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት ወጣ። እማዬ አልደነገጠችም። እግር ሲቆስል ንፍፊት እንደሚወጣ አገር ቤት የማያውቅ የለም። እኔን ያስደነገጠኝ ግን አለማመሙ ነው። የቁስል ንፍፊት ሲነኩት ያማል። ይኼ እንደ ጠጠር ደርቆ ዝም ያለ ነበር።

ሌላ ቦታ ወሰድኳትና ናሙና ተወሰደ። ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው ተባልን። ተረከዟ ላይ ያለው ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ንፍፊቱም ከዚያው የመጣ ካንሰር ነበር።

"ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም ሰምቼ ነው ያደግኩት። ሜላኖማ እኛ ላይ ከነጮች ይልቅ በጣም ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ሲመጣ ግን የሚመርጠው ቦታ አለው፦ የእግር መዳፍ፣ የእጅ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። አክራል ሜላኖማ ይባላል። የዚህኛው ዋና ምክንያት ፀሐይ አይደለም፤ የሚወጣበት ቦታ ራሱ ፀሐይ የማያገኘው ነው። ቦብ ማርሌይን የገደለው ይኼው ዓይነት ነው። በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘ፣ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ስልሳኛ ልደቱ በ2005 መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር እኔም ከሕዝቡ መሀል ነበርኩ። በምን እንደሞተ ግን አላውቅም ነበር። (ያለ ቀለም የተወለዱ ወገኖቻችን ነገር ሌላ ነው። እነሱን ፀሐይ በጣም ስለሚጎዳቸው ቆብና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋቸዋል።)

መጀመሪያ ቀጠሮ ላይ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ "ካንሰር" ሲሉ እኔ "ክፉ ቁስል" እያልኩ አለፍኩ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ መርዶም ሕመምም ይሸፈናል። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ እማዬ በመስኮት እያየች "ልጄ፣ ካንሰር ነው አይደል?" አለችኝ። "እሳቸው ሲናገሩ ሰማኋት፤ ቃሏን እኮ አውቃታለሁ።" ከዚያ ቀን በኋላ አስተርጓሚ ጠየቅኩ። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እናንተም ጠይቁ። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም የከበደውን ቃል ይውጠዋል።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ሐኪሟ አንድ ነገር አሳዩን። የተረከዟን ናሙና ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፈቱት። በማይክሮስኮፕ የተነሳ ነው። የካንሰሩ ሴሎች ትልልቅ ናቸው፣ ቅርጻቸው የተዛባ፣ አንዳንዶቹ ቡኒ ቀለም የቋጠሩ። ከዳር በኩል ደግሞ ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ክብ ነጥቦች ተሰብስበዋል። ጥቁር አዝሙድ የተበተነ ይመስላል።

"እነዚህ ትንንሾቹ ካንሰሩ ናቸው?" አለች እማዬ።

ሐኪሟ "አይደሉም። እነዚህ የእርስዎ ናቸው" አሏት።

የሰውነቷ መከላከያ ሴሎች ነበሩ፤ ከነጭ የደም ሴሎች ወገን፣ አብዛኞቹ ቲ ሴል የሚባሉት። እኔ እስከዚያ ቀን ካንሰር የሚይዘው መከላከያው የደከመ ሰው ነው ብዬ አስብ ነበር። መከላከያዋ ግን መጥቷል። ጠላቱን አይቷል። ከደጃፉ ደርሶ ቆሟል። ያ ምስል እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም፤ ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሁሉ የተረዳሁት በእሱ ነው።

ለምን ቆሙ? ሐኪሟ ያስረዱንን በራሴ ቃል ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ሴል ውስጡ ካሉት ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ እየወሰደ ገላው ላይ ይሰቅላል። ቲ ሴል እየዞረ ያንን ያነባል። የተበላሸ ነገር ካየ ሴሉን ይገድላል። የካንሰሩ ዕጢ ውስጥ ግን ብዙ ነገር ይበላሻል። አንዳንዱ የካንሰር ሴል መስቀሉን ይተወዋል፤ ቲ ሴሉ ቢመጣም የሚያነበው የለም። ሌሎች ቲ ሴሎች ደግሞ አሉ፤ ሥራቸው ግርግር ማብረድ ነው። በጤናው ጊዜ ያስፈልጉናል፣ ዕጢ ውስጥ ሲበዙ ግን ተዋጊዎቹን ያስሯቸዋል። የሞተ ሴል እየበሉ የሚያጸዱ ትልልቅ ሴሎችም አሉ። ካንሰሩ እነሱን ወደ ራሱ ይስባቸውና አዲስ የደም ሥር እንዲዘረጋለት ይረዱታል። ይኼን ስሰማ በጣም ተናድጄ ነበር። የራሷ ሴሎች ለጠላቷ ውሃ ሲቀዱለት ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የፍሬኑ ነገር ነው። ቲ ሴል ገላው ላይ ፒዲ-1 የሚባል ፍሬን አለው። የተፈጠረው እንዳያብድ፣ ጤነኛውንም እንዳይበላ ነው። ቲ ሴሉ ካንሰሩን መምታት ሲጀምር በአካባቢው ላለው ሁሉ የሚሰማ ምልክት ይለቃል። ካንሰሩም ያንን ምልክት ሲሰማ ፍሬኑን የሚረግጥበትን ፕሮቲን ገላው ላይ ያበዛል። ስለዚህ ዕጢው ላይ ያ ፕሮቲን መብዛቱ አንዳንዴ እዚያ ውጊያ እንደነበር ይናገራል። ለወራት ከአንድ ጠላት ጋር ፊት ለፊት የቆመ ቲ ሴል ደግሞ ይዝላል። አለ፣ ግን አይመታም።

ፒዲ-1ን በ1992 ያገኘው የጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ቡድን ነው። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ሲቲኤልኤ-4 በሚባል ሌላ ፍሬን ላይ ሠርተዋል። ፍሬኑን ቢያነሱት መከላከያው ራሱ ካንሰሩን እንደሚመታ በማሳየታቸው በ2018 ኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል። ለእማዬ የታዘዘላት ፔምብሮሊዙማብ ይባላል፣ የገበያ ስሙ ኪትሩዳ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ካንሰርን አይገድልም። ፒዲ-1 ላይ ይቀመጥና ካንሰሩ ፍሬኑን እንዳይረግጠው ይከልለዋል። ኬሞቴራፒ አይደለም፤ ኢሚውኖቴራፒ ይባላል። ይኼን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን የተጨቃጨቅንበት ነገር መጣ። እኔ የፈለግኩት ዕጢው ቶሎ እንዲወጣ ነው። ሐኪሟ ግን መጀመሪያ መድኃኒቱን ሦስት ጊዜ ትውሰድ፣ ከዚያ ይቆረጥ አሉ። ተቆጣሁ። ካንሰር እያለ ዘጠኝ ሳምንት መጠበቅ ማለት ምን ማለት ነው? እሳቸው በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ነገሩኝ። እንደ እማዬ ሜላኖማቸው ወደ ሊምፍ ዕጢ (ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው) የሄደባቸው ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ሁለቱም ያንኑ መድኃኒት በእኩል መጠን ነው የወሰዱት። አንደኛው ቡድን ሦስቱን ዙር ከቀዶ ሕክምና በፊት ወሰደ፣ ሌላው ሁሉንም በኋላ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው ሳያገረሽባቸውና ሌላ እክል ሳይገጥማቸው የቆዩት ከመጀመሪያው ቡድን 72 በመቶ፣ ከሁለተኛው 49 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ፣ ካንሰሩን የሚያውቁት ቲ ሴሎች በብዛት ያሉት እዚያው ዕጢው ውስጥ ነው። ዕጢውን ቆርጠህ ስትጥል እነሱንም አብረህ ትጥላለህ። ፍሬኑ የሚነሳው ዕጢው እያለ ከሆነ ግን እያዩት ይማራሉ፣ ይራባሉ፣ በደም ሌላ ቦታ ሄደው የተደበቀውን ይፈልጋሉ።

አስተርጓሚው ይኼን ሁሉ ሲጨርስ እማዬ ትንሽ ዝም አለችና "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ነዋ" አለች። "ጅቡ ሳይሄድ ውሻውን መፍታት።"

አስተርጓሚው ሳቀ፣ ለሐኪሟም ተረጎመላቸው። እሳቸውም ጻፉት። እኔ የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ ያልገባኝን እሷ በአንድ ተረት ጨረሰችው። ክርክሩም እዚያ ላይ አበቃ።

ሐኪሟ አልዋሹንም። አክራል ሜላኖማ ለዚህ መድኃኒት የሚሰጠው ምላሽ በፀሐይ ከሚመጣው ያነሰ ነው። ፀሐይ ያበላሸችው ሴል ብዙ የዘረ መል ስህተት ይሸከማል፤ ስህተት በበዛ ቁጥር ቲ ሴሉ የሚያነበው ባዕድ ነገር ይበዛል። የተረከዙ ካንሰር ስህተቱ ጥቂት ስለሆነ ከጤነኛው ለመለየት ያስቸግራል። ይኼን አውቀን ነው የገባንበት።

መድኃኒቱ የሚሰጣት በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እማዬ "ግሉኮሴን ላስደርግ" እያለች ነጠላዋን ለብሳ ትወጣለች። እዚያ የምትሠራ አንዲት አበሻ ነርስ ነበረች። "እማማ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት? ሆድዎትስ?" ትላታለች በመጣች ቁጥር። እማዬ "ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዜር ይመስገን" ትላለች። ሁልጊዜ ደህና ናት። ጣጣ ያመጣብንም ይኼው ደህና ነኝ ነው።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ተረከዟ ላይ የነበረው በሰፊው ተቆርጦ ከጭኗ ቆዳ ተለጠፈላት። የብሽሽቷ ሊምፍ ዕጢዎችም ወጡ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ እንደገና ምስል ከፈቱ፤ አሁን የብሽሽቷን ዕጢ። አዝሙዱ አሁን ዳር ላይ አልነበረም። መሀል ድረስ ገብቷል። እሳቸው ጠንቃቃ ናቸው፦ "የሊምፍ ዕጢ የእነዚህ ሴሎች ቤት ነው፣ ስለዚህ እዚያ መኖራቸው ብቻውን ዜና አይሆንም" አሉ። ዜናው የካንሰሩ ሁኔታ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሞቷል። በቦታው የቀረው ጠባሳና ቀለም የዋጡ በላተኛ ሴሎች ናቸው፤ የሞተውን ሜላኖማ በልተው ጥቁር ቀለሙን በሆዳቸው ተሸክመዋል። ሁሉም አልሞተም። ግን ገብተዋል።

እናንተም ናሙና ከተወሰደላችሁ ሪፖርቱን በእጃችሁ ተቀበሉ። የውፍረቱን ልክ በሚሊ ሜትር፣ ቆዳው መቁሰል አለመቁሰሉን፣ መከላከያ ሴሎቹ ዕጢው ውስጥ መግባት አለመግባታቸውን ጠይቁ። ሐኪም ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ እኔ ያገኘኋቸው ቢያንስ እንደዚያ ነበሩ።

አሁን ስለ ሆዷ ልንገራችሁ። በዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይኼን አትርሱ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕክምናው ቀጠለ። ስድስተኛውን ዙር የወሰደችው ፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል ነው። በጾሙ አጋማሽ ሆዷን ተቅማጥ ያዛት። ለእኔ አልነገረችኝም። ሽሮው ነው ብላ ፌጦ በጥብጣ ጠጣች። አምስት ቀን እንዲህ አለፈ። እኔ ያወቅኩት ሌሊት መታጠቢያ ቤት በር ላይ ተቀምጣ ሳገኛት ነው። በቀን ስምንት ጊዜ ደርሶ ነበር። ከንፈሯ ደርቋል።

ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት። "ካንሰር አለባት፣ በሕክምና ላይ ናት" አልኩ። እዚያ የነበረው ሐኪም ኬሞ መሰለው። የምግብ መመረዝ ይሆናል ብሎ ውሃ ሰጥቶ መለሰን። በማግስቱ ባሰባት። ወደ ካንሰር ሐኪሟ ስደውል በስልክ ድምፃቸው ተለወጠ። "አሁኑኑ አምጧት" አሉ።

ፍሬኑ የተነሳለት ቲ ሴል ካንሰር ብቻ አይመርጥም። የተፈታ ውሻ እንግዳም ይነክሳል። የእማዬ ቲ ሴሎች ትልቁን አንጀቷን እየመቱት ነበር። ይኼ በፌጦም በአንቲባዮቲክም አይመለስም። መከላከያውን የሚያበርድ ስቴሮይድ ይፈልጋል፣ ያውም ቶሎ። ቢዘገይ አንጀት እስከመበሳት ይደርሳል። አራት ሌሊት ሆስፒታል ተኛች። ፕሬድኒሶን የሚባለውን ስቴሮይድ ቀስ እያለች ቀንሳ ለማቆም ከአንድ ወር በላይ ፈጀባት። በድንገት አይቆምም።

ስለዚህ ይኼን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የምትናገሩት የመጀመሪያ ቃል "ኢሚውኖቴራፒ ላይ ነው" የሚለው ይሁን። "ኬሞ አይደለም" ብላችሁ ጨምሩ። የመድኃኒቱን ስም በካርድ ጽፋችሁ ቦርሳ ውስጥ አኑሩ። ተቅማጥ፣ አዲስ ሳልና ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ አቅም የሚያሳጣ ድካም፣ ሁሉም በዚያው ቀን የሚደወልባቸው ናቸው። መድኃኒቱ ከቆመ ከወራት በኋላም ሊመጡ ይችላሉ። ትንሽ ነገር ናት ብላችሁ አትናቋት። እናቶቻችንን ደግሞ "ደህና ነሽ?" ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ ደህና ነኝ ነው የሚሉት። "ዛሬ ስንት ጊዜ ወጣሽ?" በሏቸው።

ሐኪሞቹ መድኃኒቱን እንደገና ላለመጀመር ወሰኑ። ከታሰበው ዙር ብዙው ቀርቷል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ ውሻው ታሰረ፣ ጅቡ ይመለሳል ብዬ።

ከአራት ወር ገደማ በኋላ እማዬ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደደበቀች ወጥ ቤት መጣች። አወጣችልኝ። ጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ነጭ ቦታ ወጥቷል። ቅንድቧም ላይ ጥቂት ፀጉር እንደ ጥጥ ነጥቷል። "ለምጽ ወጣብኝ" አለች። አለቀሰች። ካንሰር ሲባል ያላለቀሰች ሴት በለምጽ አለቀሰች። ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለች። እኛ ዘንድ ለምጽ ምን ተብሎ እንደሚታይ ታውቃላችሁ፤ እርግማን፣ ተላላፊ፣ የኃጢአት ምልክት። አንዱም እውነት አይደለም።

ሐኪሟ ግን እጇን ይዘው ፈገግ አሉ። ሜላኖማ የሚነሳው ለቆዳችን ቀለም ከሚሠሩት ሴሎች ነው። ካንሰሩን ማወቅ የተማሩት ቲ ሴሎች የሚያነቡት ፕሮቲን ጤነኞቹ ቀለም ሠሪዎች ላይም አለ። ስለዚህ እነሱንም ይመቷቸዋል፣ ቆዳውም ይነጣል። መድኃኒቱ ቢቆምም የተማሩት ሴሎች አልረሱም ማለት ነው። ሜላኖማ ያለባቸውና በዚህ ሕክምና መሀል ለምጽ የወጣባቸው ሰዎች ካልወጣባቸው ይልቅ ደህና ሆነው የመቆየት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል በብዙ ጥናት ታይቷል። ዋስትና አይደለም። ሐኪሟም ዋስትና አላሉትም።

እማዬ አስተርጓሚውን ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ "እንግዲህ የውሻው ንክሻ ነው በሉኛ" አለች።

ብዙ ሰው በዚህ መድኃኒት የዳነ ሰው አውቅ እንደሆነ ይጠይቀኛል። የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርን እጠቅሳለሁ። የእኛ ሰው ያውቃቸዋል፤ በ1989 ደርግንና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ ያነጋገሩ፣ ድርጅታቸው ትራኮማንና የጊኒ ዎርምን አገራችን ድረስ ወርዶ የተዋጋ ነው። በ2015 ሜላኖማቸው ጉበትና አንጎል ደርሶ ነበር። ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ይኼንኑ ፔምብሮሊዙማብ ወሰዱ። ዓመቱ ሳያልቅ ምርመራው ካንሰር አላሳየም። ያረፉት በታኅሣሥ 2024፣ በመቶ ዓመታቸው ነው። ሁሉም ሰው እንደ እሳቸው እንደማይሆን እነግራቸዋለሁ። ግን የሆነ ሰው አለ።

ፍሬን ማንሳቱ ላልሠራላቸውም መንገድ እየተከፈተ ነው። ከቤታችን ቅርብ በሆነችው ቤተስዳ፣ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ውስጥ፣ ስቲቨን ሮዘንበርግ ከዕጢው ውስጥ ቲ ሴሎችን አውጥተው ላብራቶሪ ውስጥ አራብተው ለታማሚው መልሰው መስጠት የጀመሩት በ1980ዎቹ ነው። በየካቲት 2024 በዚህ መንገድ የተሠራ የመጀመሪያው የሜላኖማ ሕክምና አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። እነዚያ አዝሙድ የሚመስሉት ሴሎች፣ በቢሊዮን ተራብተው። ሐኪሟ ለእማዬ ይኼን ለሚያስፈልግበት ቀን ይዘንልዎታል ብለዋታል።

አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች ይኼ መድኃኒት ዋጋው የማይቀመስ መሆኑን አውቃለሁ። የማይከፈልበት ነገር ግን አለ፦ እግር ማየት። ሜላኖማ ገና ስስ እያለ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ይበቃል። ቲ ሴልም ፍሬንም ሳይነሳ ያልቃል። በእግር ወይም በእጅ መዳፍ ላይ አዲስ የወጣ፣ የሚያድግ፣ ዳሩ ያልተስተካከለ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ነጥብ፣ ጥፍር ሥር እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፣ በሁለት ወር ያልዳነ የተረከዝ ቁስል። እነዚህን ሐኪም ይያቸው፣ "ናሙና ይወሰድልኝ" ብላችሁም ጠይቁ። ጥፍር ላይ ያለ ጥቁር መስመር ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ጥቁር ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ተፈጥሮ ነው። አዲስ ሆኖ ሲመጣና ሲሰፋ ነው ነገሩ።

እማዬ መድኃኒቱ ከቆመላት ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ሆናት። እስካሁን በተነሳው ስካን ሁሉ ምንም አልታየም። የሚቀጥለው ከፋሲካ በኋላ ነው።

ባለፈው ጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ካህኑ የምእመናኑን እግር እያጠቡ እሷ ዘንድ ሲደርሱ ጫማዋን አውልቃ ጠባሳ ያለበትን ግራ እግሯን አስቀደመች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ አልደበቀችም። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ አዩዋትና ጎንበስ ብለው "ምን ሆነሽ ነው እህቴ?" አሏት በሹክሹክታ።

"ቅዳሴው ይለቅና አወራሻለሁ" አለቻቸው። "መጀመሪያ ግን ያንቺን እግር አሳዪኝ።"